አሮጌው ምድር ባቡር ቢነሣ ማንን ይጭናል?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ ወደ ደወሌ የሚወርደው የቀድሞው የባቡር መስመር «እንደገና ሥራ ይጀምር» የሚለው ሐሳብ አንድም ቀን ጨርሶ ተረስቶ አያውቅም። ስለ ድሬዳዋ ቱሪዝም ሲመከር ይነሣል፤ የትራንስፖርት ዋጋ ሲንር ይነሣል፤ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች በተሰባሰቡበትም ይነሣል። ባዶ ምኞት ብቻም አልነበረም። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ይኸው ክፍል ተጠጋግኖ ባቡር ተመላልሶበታል። አልዘለቀም እንጂ።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይካሄዳል። አንዱ ወገን መስመሩ ቅርስ ነው፣ ድሬዳዋን የወለደ ነው፣ ዝም ሊባል አይገባም ይላል። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ዘመናዊ ባቡር እያለን አሮጌ ብረት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይሉታል ይላል። እኔ መስመሩ እንዲነሣ ከሚፈልጉት ወገን ነኝ። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ ብዬ አምናለሁ፤ አዲሱ ባቡርና አዲሱ አስፋልት ትተውት የሄዱት ሰውና ጭነት የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ እስኪገኝ ድረስስ የቀረውን ሃዲድ የሚጠብቀው ማን ነው?

የዚህ ባቡር ታሪክ ከመጀመሪያው የመቆምና የመነሣት ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሐረር መግባት ነበር። የሐረር ተራራ ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም፤ ወጪው ከአቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሃዲዱ ከተራራው ሥር፣ በሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ነው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለው፣ በኋላም ድሬዳዋ የሆነው።

ከዚያ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። ምክንያቱ የመሐንዲስ ችግር አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው ለፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሰጠ፤ ምኒልክ በራሳቸው አገር ላይ የሚሄደው ባቡር ሳያውቁት የባዕድ መንግሥት ንብረት ወደ መሆን ሲያዘነብል አዩና ተቆጡ። እንግሊዝም፣ ጣሊያንም በጉዳዩ ገቡበት። ኩባንያው ከሠረ። በአዲስ ውል፣ በአዲስ ኩባንያ ሥራው ዳግም ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምኒልክ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ይህን የማነሣው የባለቤትነት ጥያቄ ካልጠራ ሃዲዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ባቡር ሊቆም እንደሚችል ይህ መስመር ገና ከጠዋቱ ስላሳየን ነው። ዛሬም ከዚያ አልወጣንም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ድሬዳዋ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የመስመሩ ትልቁ ሀብት ሃዲዱ ሳይሆን እዚያ ያለው ወርክሾፕ ነው። ኩባንያው የከተማዋን የከዚራ ሰፈር በቀጥታ መንገዶች፣ በዛፍ ጥላ፣ በሠራተኛ ቤቶች ሲያቆም መሐሉ ላይ ያስቀመጠው ጣቢያውንና ጥገናውን ነው። ከፈረንሳይ የሚመጣ መለዋወጫ በባሕር ወራት ይፈጅ ስለነበር ድሬዎች የተሰበረውን ዕቃ ራሳቸው ማቅለጥ፣ በቶርኖ መቅረጽ፣ መግጠም ተማሩ። አባት ለልጅ ሙያውን ሲያስተላልፍ ኖረ። በእንፋሎት የሚሄደው ጭስ አውጪ ባቡር ቀርቶ ናፍጣ ሲመጣም ያንኑ እጅ ይዘው ተሻገሩ። በአገራችን ከቀደሙት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙትም የዚህ ባቡር ሠራተኞች ናቸው። ስለ መስመሩ መነሣት የሚጻፉ ሐሳቦች ኪሎ ሜትር ይቆጥራሉ፣ ድልድይ ይቆጥራሉ፤ ይህን ሙያ ግን አይቆጥሩትም። ሃዲድ ሊገዛ ይችላል። ያለ መለዋወጫ የሚኖር ባቡርን በሕይወት ማቆየት የሚያውቅ ሰው ግን ካለፈ በኋላ በገንዘብ አይተካም፤ የሚያውቁትም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

መስመሩ እንዴት ሞተ? ብዙዎች «አሮጌ ስለሆነ» ይላሉ። እርጅና ብቻውን ባቡር አይገድልም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፣ ድልድዮች ፈረሱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ሽርክና አበቃና ንብረቱ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡር ከሃዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው፤ የመስመሩን ትንሣኤ የምንመኝ ሰዎች ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ትልቁ ክፍል በአሰብ በኩል በመኪና ይገባ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ትልቁ ዕድል ያን ጊዜ ነበር፤ የነበረው ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ግን ያን ጭነት ሊሸከም አልቻለም። ጭነቱን ተሳቢ መኪና ወሰደው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በሰጠው ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ከዳር አልደረሰም፤ አስተዳደሩን ለውጭ ድርጅቶች ለማስተላለፍ የተደረገው ሙከራም አልተሳካም። አዲስ መስመር ሊሠራ ነው ሲባል ደግሞ ለአሮጌው የሚወጣ ገንዘብ እንደ ብክነት መታየት ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ።

አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የንግድ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ይህ መስመር ለአገሪቱ የሚያስፈልግ መሆኑን አልጠራጠርም። የተሠራው ግን ለአንድ ዓላማ ነው፤ ከወደብ ኮንቴይነር አንሥቶ በፍጥነት ወደ መሐል አገር ማድረስ። ዕዳውን ለመክፈል ረጅም ባቡር፣ ከባድ ጭነት፣ ጥቂት ማቆሚያ ያስፈልገዋል። ከአዳማ ወዲህ ደግሞ እስከ ጅቡቲ ያለው ነጠላ ሃዲድ ነው። ነጠላ ሃዲድ ላይ በየ20 ኪሎ ሜትሩ ፍየልና እናቶችን የሚጭን ዘገምተኛ ባቡር ማስገባት የጭነቱን ባቡር ሁሉ ማስጠበቅ ማለት ነው። «አዲሱ ባቡር በየከተማው ይቁም» የሚሉ ሰዎች ቅን ሐሳብ አላቸው፤ የመስመሩ አሠራር ግን ያን አይፈቅድም። አዲጋላም ደወሌም አዲስ ጣቢያ አላቸው፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የድሮ ማቆሚያዎች ግን የላቸውም። በድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ ሌላ መኪና ወይም ባጃጅ ይፈልጋል። የከዚራው ጣቢያ ግን መሐል ከተማ ነው።

የአሮጌው መስመር ተቃዋሚዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ እርሱን ሸሽቶ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ከድሬዳዋ ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ተሠርቷል። መኪና በጥቂት ሰዓት ድንበር ይደርሳል። አሮጌው ባቡር በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን ርቀት ለመጨረስ ሰባት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚሄድ ነጋዴ ባቡሩን አይጠብቅም። ጫትማ ጭራሽ አይጠብቀውም፤ ዛሬ የተቀጠፈ ጫት ዛሬ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ኮንቴይነር ወደ አሮጌው መስመር ይመለሳል ብሎ ማሰብም ራስን ማታለል ነው። በዳር እስከ ዳር ጉዞ ውድድር አሮጌው ባቡር ተሸንፏል፤ አይመለስም።

የሚቀረው መሐሉ ነው። ይህ አካባቢ ዝናብ እምብዛም የማይጎበኘው፣ አብዛኛው ነዋሪ የኢሳ ሶማሊ አርብቶ አደር የሆነበት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ድንበር ያሉት ትንንሽ ከተሞች አብዛኞቹ የተወለዱት ከባቡሩ ነው፤ ለባቡሩ ውሃና ጥገና ሲባል ጣቢያ ተሠራ፤ ጣቢያው ሻይ ቤት ወለደ፤ ሻይ ቤቱ ገበያ ወለደ። ባቡሩ ሲያልፍ ወተት የሚሸጥ፣ ፍየል የሚያወርድ፣ ከድሬዳዋ ሽንኩርትና ዱቄት የሚጠብቅ ሁሉ ኑሮውን በባቡሩ ቀን ይቆጥር ነበር። ለባቡሩ ሲባል የተገኘው ውሃም ለሰውና ለከብት ይተርፍ ነበር። ባቡሩ ሲቆም እነዚህ ከተሞች የተሠሩበት ምክንያት አብሮ ቆመ። አስፋልቱ አንዳንዶቹን ነካ፤ ሌሎቹን ራቅ ብሎ አለፈ። መኪና ለመቅጠር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አምስት ፍየል ያላት ሴት አንድ አይሱዙ አትቀጥርም፤ ከሌሎች ጋር ተጋርታ አንድ የፉርጎ ጥግ ግን ልትከፍል ትችላለች።

የከብት ንግዱ ሰፊ ነው። ከሶማሌ ክልል የሚወጣው በግ፣ ፍየልና ግመል በጅቡቲ በኩል ወደ አረብ አገሮች ይሄዳል፤ በተለይ በአረፋ ሰሞን ፍላጎቱ ይጨምራል። የጅቡቲው የዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ ለዚሁ የተሠራ ነው። ዛሬ ከዚህ ንግድ የሚጠቀመው በብዛት መኪና ያለው ነጋዴ ነው፤ ባለከብቱ እንስሳውን በእግር ነድቶ ገበያ ያደርሳል፤ እንስሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በትንንሽ ማቆሚያዎች የሚጭን ባቡር ከብቱን ደወሌ ወይም ድሬዳዋ ቢያደርስ ከዚያ ወዲያ በአዲሱ ባቡር ሊቀጥል ይችላል። ያኔ አሮጌው መስመር ለአዲሱ ጭነት የሚሰበስብ ገባር መስመር ይሆናል፤ ተቀናቃኝ አይሆንም። የሚያዋጣው አንድ መንገድ ይህ ይመስለኛል።

የሴት ነጋዴዎችም ጉዳይ አለ። በድሮው ባቡር ከጅቡቲ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ፓስታና የዱቄት ወተት ይዘው የሚመለሱ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ በየጣቢያው ከፈታሾች ጋር የሚያደርጉት ግብግብ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ንግዱ በሕጉ ቋንቋ ኮንትሮባንድ ነው። ሆኖም በዚያ ገንዘብ ልጅ ያስተማረች እናት ድሬዳዋ ውስጥ በየሰፈሩ አለች፤ አሸዋም ታይዋንም የሚባሉት ገበያዎች የቆሙት በዚህ ዓይነቱ ንግድ ነው። መንግሥት ለድንበር ነዋሪዎች የጠረፍ ንግድ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር አለው። ባቡሩ ቢነሣ ይህ አሠራር ለትንሿ ነጋዴ በግልጽ፣ በተወሰነ ዕቃና በተወሰነ ዋጋ እንዲደርሳት ካልተደረገ ታሪኩ ራሱን ይደግማል፤ ባቡሩ የፈታሽና የሯጭ መድረክ ይሆንና ሰላማዊው ተሳፋሪ ይሸሸዋል። ይህ ከድልድይ ጥገና ያላነሰ ሥራ ነው።

ቱሪዝምን በተመለከተ ከብዙዎች እለያለሁ። የኤርትራን ምሳሌ እንይ። ከምፅዋ አሥመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ሃዲዱ የምሽግ ጣሪያ ሆኖ ነበር። ከነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ብረቱ ከየምሽጉ ተሰብስቦ፣ ያለ ትልቅ የውጭ ዕርዳታ መስመሩን በ1995 ዓ.ም. እስከ አሥመራ አደረሱት። የሰው ልጅ ጽናት ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ድንቅ ሥራ ነው፤ ለኛም ከዚያ የሚማሩት አለ፤ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች እነርሱ ከሠሩት የሚያንስ አይሠሩም። ያ መስመር ግን በተጠናቀቀ ማግሥት የሚጭነው የዘወትር ሰውና ጭነት አላገኘም፤ ለጎብኚ ተከራይቶ የሚወጣ ባቡር ሆኖ ቀረ። ጎብኚ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። የፖለቲካ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ጨርሶ አይመጣም። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የቱሪስት ባቡር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ወርክሾፑ በሙዚየምነት ቢጎበኝም እሰየው። መስመሩን በሕይወት የሚያቆየው ግን ማክሰኞም ሐሙስም የሚሳፈረው የሽንሌ ሰው ነው።

አሁን ወደ ባለቤትነት ልመለስ። የአሮጌው መስመር ንብረት የኢትዮጵያና የጅቡቲ እኩል የጋራ ድርጅት ነበር። አዲሱን መስመር የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ሌላ ነው፤ ድርሻውም 75 ለ25 ነው፤ አሠራሩን ከቻይና ድርጅቶች የተረከበው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት አካላት መካከል አሮጌው ሃዲድ፣ የጣቢያ ግቢዎች፣ ድልድዮችና በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው መሬት የማን ኃላፊነት እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ባለቤት የሌለው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ባለቤት የሌለው ብረት ደግሞ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ድሮ ፈረንሳዮች ምስጥ እንጨት ይበላል ብለው ሃዲዱን ያሳረፉት በብረት አጋዳሚ ላይ ነበር፤ ያ ብረት ዛሬ ለሌባም ለአጥር ሠሪም ማራኪ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በተነቀለ ቁጥር የመነሣቱ ዋጋ ይንራል፤ በየቦታው ከተነቀለ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ያከትማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሆኗል። ለገሃር በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ ሕንፃው አለ፤ ዙሪያው ለትልቅ የቤቶች ግንባታ ተሰጥቷል፤ የባቡር መንገዱ ግን በከተማው ግንባታ ተቆራርጦ ባቡር ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ፊት ወደ ስደት የተጓዙበት ሃዲድ ዛሬ በአዲስ አበባ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኘው በቁራጩ ነው። ለአዲስ አበባ አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም። ለድሬዳዋ–ደወሌ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ። ባቡር ስለ መግዛት አይወራ። መጀመሪያ የባለቤትነት ሰነዱ ይጥራ፤ መስመሩ የሚያልፍባቸው የድሬዳዋ አስተዳደርና የሶማሌ ክልል ወረዳዎች መንገዱን ከግንባታ እንዲጠብቁ በሕግ ይታሰሩ። ጥበቃው ለየጣቢያው ነዋሪ ይሰጥ፤ ከሩቅ የሚመጣ ዘበኛ ሃዲድ አይጠብቅም፤ ሃዲዱ ነገ እንደሚጠቅመው የሚያምን የሰፈሩ ሰው ግን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የሰውና የከብት ቆጠራ ይደረግ፤ በበጋም በዝናብም ወራት፣ በገበያ ቀንም በሌላውም ቀን፣ ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው ገበያ ማን በምን እንደሚጓዝ ይመዝገብ። ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ የአዋጭነት ጥናት ሁሉ ግምት ነው። ቆጠራው «ሰው የለም» ካለም እቀበለዋለሁ፤ መስመሩ ቅርስ ብቻ ሆኖ ይጠበቅ።

ሰው ካለ ግን ጅማሮው አጭር ይሁን። ከከዚራ ጣቢያ እስከ ሽንሌ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር በቂ ነው። በዚህ ርቀት የሚመላለስ አንድ ባቡር የድሬዳዋን የሥራ ሰውና ተማሪ ይጭናል፤ ወርክሾፑን ሥራ ያስይዛል፤ ስህተትም ቢፈጠር በትንሽ ዋጋ ይታረማል። የ2005ቱ ሙከራ ከጅምሩ እስከ ድንበር ሊደርስ መሞከሩ ድክመቱ ይመስለኛል፤ ረጅም መስመር፣ ጥቂት ባቡር፣ ብዙ ብልሽት። አንዱ ሲሰበር ሁሉም ይቆማል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን፣ ሳይዘገይ የሚያስፈልገው የወርክሾፑ ነገር ነው። ጡረታ የወጡት ቴክኒሻኖችና ሾፌሮች በሕይወት እያሉ የድሬዳዋ ሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎች ከጎናቸው ይመደቡ። ከቆሙት ሎኮሞቲቮች አንዱን ፈትተው ይግጠሙ፤ ቶርኖው ላይ ይቁሙ፤ የሃዲድ ልኬት ይማሩ። ይህ ሥልጠና ለአዲሱ ባቡርም ሰው ያፈራል፤ ከቻይና ባለሙያዎች የተረከበው ኩባንያ የሚፈልገው ይህንኑ የአገር ልጅ ሙያ ነው። ወጪው ከአንድ ድልድይ ጥገና ያንሳል።

ድልድዮቹን መፈተሹ ደግሞ በበጋ መጠናቀቅ አለበት። በዚያ አገር ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ይሆንና በአንድ ሌሊት ጎርፍ ያመጣል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው የገደለው እንዲሁ በሌሊት ነበር። ከሽንሌ እስከ ደወሌ ያሉትን ትንንሽ ድልድዮችና የውሃ ማስተላለፊያዎች አንድ በአንድ የሚመዘግብ ቡድን ሥራውን በጥቅምት ቢጀምር ክረምቱ ሳይገባ የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው ጨርሶ እንደሚተካ፣ የትኛው ደግሞ እንዳለ ሆኖ ባቡር እንደሚሸከም ማወቅ ይቻላል።